ለሆቴል ስም ብለን ጎንደርን አንዝለል

ሰሞኑን ወደ ሰሜን ለሚጓዙ ሰዎች የተጻፈ አንድ የምክር ጽሑፍ ከተለያዩ ደንበኞች ደረሰኝ። «እውነት ነው ወይ?» ብለው ነው የላኩልኝ። ምክሩ ባጭሩ ይህ ነው። ብዙ ከተማ የሚያዳርስ ጉዞ ስትወጡ ከመጀመሪያው ሌሊት እስከ መጨረሻው በአንድ የቅንጦት ሆቴል ብራንድ ሥር እደሩ። ጸሐፊው አምስት ምክንያት ይደረድራሉ። ባደራችሁ ቁጥር በኋላ ነፃ ሌሊት የሚያስገኝ ነጥብ ይጠራቀምላችኋል፣ የደንበኝነት ደረጃችሁም ያድጋል። ጥራቱ የታወቀ ስለሆነ ያላሰባችሁት ነገር አይገጥማችሁም። ፍላጎታችሁን አንዴ ከመዘገቡ በየደረሳችሁበት ያውቋችኋል። በረራ ቢሰረዝ አንድ ስልክ ሁሉንም ያስተካክላል። በመጨረሻም፣ ብራንዱ በሌለበት ከተማ አትደሩ፣ ብራንዱ ካለበት እየተነሳችሁ ደርሳችሁ ተመለሱ ይላሉ። ለዚህ ምሳሌ ያደረጉት ጎንደርን ነው። ባሕር ዳር አድራችሁ፣ ጎንደርን በቀን አይታችሁ፣ ማታ ባሕር ዳር ግቡ።

እኔ ጎንደር ተወልጄ፣ እዚሁ እንግዳ በማስተናገድ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። እንጀራዬ ከዚህ ከተማ ነው፤ አንባቢ ይህን አውቆ ይመዝነኝ። ጸሐፊው ያነሷቸው ነገሮች ሁሉ ስህተት ናቸው አልልም። አንዳንዶቹ በቦታቸው ልክ ናቸው። ግን እዚህ መስመር ላይ ሲመጡ አይሠሩም፣ የመጨረሻው ደግሞ ጉዞውን ያበላሻል።

ከመጨረሻው ልነሳ። ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ እሱ ነው።

ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አገር ሰላም ሆኖ መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን እንኳ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ጠዋት 1 ሰዓት ብትነሱ ወረታን፣ አዲስ ዘመንን፣ ማክሰኚትን፣ አዘዞን አልፋችሁ 4 ሰዓት ላይ ትደርሳላችሁ። ሳይመሽ ባሕር ዳር ለመግባት ደግሞ 9 ሰዓት ላይ መነሳት ግድ ነው። በእጃችሁ ያለው አምስት ሰዓት ነው። ምሳና ሻይ ሲቀነስ አራት ቢቀር ነው። በአንድ ቀን ስድስት ሰዓት መኪና ላይ፣ አራት ሰዓት ጎንደር ላይ ማለት ነው።

በአራት ሰዓት ምን ይታያል? ፋሲል ግቢን ሮጣችሁ ታያላችሁ። ግቢው ውስጥ ግን አንድ ግንብ ብቻ አይደለም ያለው። ፋሲል፣ ልጁ ዮሐንስ፣ ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋ፣ እቴጌ ምንትዋብ እያሉ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጨምረውበታል። ከመቶ ዓመት በላይ የተገነባ ግቢ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 ሲመዘግበውም ግቢውን ለብቻው አልመዘገበም። የፋሲል መዋኛና ቁስቋም አብረው አሉበት። ጉዛራ ግንብም አለ። ጉዛራ እንፍራንዝ አጠገብ፣ ከባሕር ዳር በምትመጡበት በዚያው መንገድ ላይ ነው፤ የደርሶ መልስ እንግዳ ግን ሰዓት እየተቆጠረበት በመስኮት አይቶት ያልፋል።

ደብረ ብርሃን ሥላሴን እንውሰድ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ የጎንደርን አድባራት ሲያቃጥል የተረፈ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጣራው በመላእክት ፊት የተሞላ ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ታሪክ አንድ በአንድ የሚያስረዳ ሰው ካገኛችሁ አንድ ሰዓት አይበቃም። የደርሶ መልስ እንግዶች ቀና ብለው ፎቶ ያነሳሉ፣ ሹፌሩ ሰዓቱን ያሳያቸዋል፣ ይወጣሉ። ያዘንኩባቸው ብዙ ጊዜ ነው።

ማታው ደግሞ አለ። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ስማችሁን፣ የመጣችሁበትን አገር፣ የለበሳችሁትን እያነሳ ሲገጥምላችሁ ካልሰማችሁ ጎንደርን አየሁ ለማለት ገና ናችሁ። አዝማሪው ደግሞ ማሲንቆውን 9 ሰዓት ላይ አያነሳም።

ሰሜን ተራሮችስ? ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለው ደባርቅ ነው፤ መመዝገቡም፣ ስካውት የሚባለውን የታጠቀ ጠባቂ መያዙም እዚያ ነው። ጎንደር ያላደረ ሰው ጭላዳ ዝንጀሮ የማየት ዕድሉ ጠባብ ነው። ከባሕር ዳር ተነስቶ ሰሜን ተራሮችን በቀን አይቶ መመለስ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ የጸሐፊው ዕቅድ አንድ ሌሊት ብቻ ሳይሆን አንድ ሙሉ ፓርክ ከጉዞው ይቆርጣል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ። ለመሆኑ የትኛው ብራንድ? ሂልተን፣ ሸራተን፣ ሃያት፣ ራዲሰን፣ ማሪዮት አዲስ አበባ ውስጥ አሉ። ጎንደር አንዳቸውም የሉም። የአገር ውስጦቹን እንይ ብንል ኩሪፍቱ ባሕር ዳር አለ፣ ኃይሌ ጎንደር አለ። ሁለቱም ደህና ቤቶች ናቸው። ግን ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ደባርቅ፣ ላሊበላ፣ አክሱም እስኪደረስ በሁሉም ቦታ አልጋ ያለው አንድ ብራንድ የለም። በሌለ ሰንሰለት ላይ የተሠራ ምክር ነው።

ድሮ ግን ነበረ። ጸሐፊው ይህን ቢያነሱ ኖሮ ክርክራቸው በጠነከረ ነበር። ሆቴሎቹ በመንግሥት እጅ በነበሩበት ጊዜ የግዮን ሆቴሎች ድርጅት ባሕር ዳር ላይ ጣናን፣ ጎንደር ላይ ጎሃን፣ ላሊበላ ላይ ሮሃን፣ አክሱም ላይ የሐን ይዞ ነበር። ታሪካዊውን መስመር የሚጎበኝ እንግዳ ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ላይ ያድር ነበር። ቤቶቹ የተተከሉት እንግዳው በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። ጎሃን ያየ ያውቃል። ከተማው አናት ላይ ጉብታ ላይ ተቀምጦ ጎንደርን በሙሉ ያሳያል። ያ ዘመን አልፎ ጎሃ ዛሬ በግል እጅ ነው፣ ያ ሰንሰለትም እንደ ድሮው የለም።

በውጭም እንዲህ ያለ የሚሠራበት አገር አለ። ቡታን ውስጥ አማን የሚባለው የቅንጦት ብራንድ አማንኮራ በሚል ስም አምስት ሎጆች አሉት። ፓሮ፣ ቲምፉ፣ ፑናካ፣ ጋንግቴይ፣ ቡምታንግ። እንግዳው ከሸለቆ ሸለቆ ሲሻገር ሹፌሩና አስጎብኚው አብረውት ይሄዳሉ። ኬንያና ታንዛኒያ ላይ ሴሬና ናይሮቢ፣ አምቦሴሊ፣ ማሳይ ማራ፣ ንጎሮንጎሮ፣ ሴሬንጌቲ፣ ዛንዚባር እያለ የሳፋሪውን መንገድ ይከተላል። እንዲህ ባለ ቦታ ሰው በአንድ ብራንድ ልደር ቢለኝ አልከራከርም። ሰንሰለቱ ለመንገዱ ተብሎ ተሠርቷል። የጸሐፊው ምክር ግን መንገዱን ለሰንሰለቱ ያጣምማል። ልዩነታችን ይኸው ነው፣ ቀሪው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

እንዲያውም ሰንሰለቱ ባለበትም ቢሆን የሚያስቀር ነገር አለ። ጃፓን ውስጥ አማን ቶኪዮ ላይም ኪዮቶ ላይም አለ። አንድ ሰው ሁለቱም ቦታ እዚያው ማደር ይችላል። ግን ጃፓን ሄዶ ርዮካን በሚባለው ባህላዊ ማረፊያ ሳያድር መመለስ ምን ይባላል? ያማናሺ ውስጥ ኒሺያማ ኦንሰን ኬዩንካን የሚባል ማረፊያ አለ። እ.ኤ.አ. በ705 እንደተከፈተ ይነገርለታል፤ ጊነስ የዓለም አንጋፋው ሆቴል ብሎ መዝግቦታል። የትኛውም ትልቅ ብራንድ ሥር አይደለም።

ወደ ሆቴል ነጥቡ ልመለስ። «ነጥብ ይጠራቀምላችኋል» ይላሉ። ይጠራቀማል። ምን ያህል ነው ጥያቄው። ብዙ ሰው የሚያውቀውን የማሪዮት የደንበኝነት ፕሮግራም፣ ቦንቮይን ብንወስድ 10 ሌሊት በዓመት ያደረ ሰው ሲልቨር ይሆናል። ሲልቨር ማለት ትንሽ ተጨማሪ ነጥብና ክፍት ከሆነ ዘግይቶ የመውጣት ዕድል ነው። ጎልድ 25 ሌሊት ይፈልጋል። ቁርስና ላውንጅ የሚመጣው ከፕላቲነም ነው፣ እሱም 50 ሌሊት ነው። በዓመት አንዴ ለዕረፍት የሚወጣ ቤተሰብ እዚያ አይደርስም። በነጥብ የሚገኘው ነፃ ሌሊትም ዋጋው እንደ ድሮው በቋሚ ሰንጠረዥ አይታወቅም፤ ማሪዮት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሰንጠረዡን ትቶ እንደ ገበያው ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ደግሞ ጸሐፊው «የቅንጦት ብራንድ» እያሉ ስለ ነጥብ ሲያወሩ የረሱት ነገር አለ። ፎር ሲዝንስና አማን የነጥብ ፕሮግራም የላቸውም። ከላይኛዎቹ ቤቶች ሁለቱ ማለት ናቸው።

በዚህ መስመር ላይ ታማኝነት የሚከፍለው አየር መንገዱ ላይ ነው። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ኢንተርናሽናል ትኬት ይዞ የገባ ሰው የአገር ውስጥ በረራውን በቅናሽ ያገኛል። ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም በአውሮፕላን ለሚዞር ቤተሰብ ይህ የሚታይ ገንዘብ ነው። የሸባ ማይልስ ነጥቡም በስታር አሊያንስ አየር መንገዶች ላይ ያገለግላል። ትኬት ሳትቆርጡ ቀድማችሁ ጠይቁ። ከሆቴል ነጥብ ይልቅ እሱን ብትከታተሉ ይሻላችኋል።

«ጥራቱ የታወቀ ነው» የሚለው ደግሞ ሆቴሎች እንዴት እንደሚሠሩ ካለማየት የመጣ ይመስለኛል። ትልልቆቹ ብራንዶች አብዛኛውን ሕንፃ አይይዙትም። ባለቤቱ ሌላ ነው፤ ብራንዱ ስሙንና አሠራሩን ያከራያል ወይም ያስተዳድራል። አዲስ አበባን ተመልከቱ። ሂልተን እ.ኤ.አ. በ1969 የተከፈተ የመንግሥት ንብረት ነው። ሸራተን እ.ኤ.አ. በ1998 የተከፈተ የአላሙዲ ሥራ ነው። የአዲስ አበባው ሸራተን በብራንዱ ቤተሰብ ውስጥ ከፍ ባለው የቅንጦት መደብ ነው የገባው። ያንን ለምዶ ሌላ አገር ሄዶ አንድ ሸራተን የገባ ሰው ተራ የሥራ ሆቴል ሊያገኝ ይችላል። ስሙ አንድ ነው፣ ቤቱ አንድ አይደለም። ማሪዮት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 የሸራተንን ባለቤት ኩባንያ ስታርዉድን ከገዛ በኋላ ከ30 በላይ ብራንዶችን በአንድ ፕሮግራም ሥር ይዟል። «አንድ ብራንድ» ሲባል ከሠላሳው የቱ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጸሐፊው ስማቸው የማይታወቅ ሆቴሎች ቁማር ናቸው ማለታቸው ግን ከባዶ ሜዳ አልመጣም። ፎቶው አምሮ ውሃ የማይወርድበት ሆቴል በከተማችን አለ። እንግዳ ይዤ ገብቼ አፍሬ የወጣሁበት አለ። ይህን አልሸፍንም። መፍትሔው ግን ከተማውን መዝለል አይደለም፣ ደውሎ መጠየቅ ነው። ጎንደር ላይ የሆቴል ጥራት ማለት በመጀመሪያ ውሃና መብራት ነው። የከተማው ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ሮቶው ስንት ሊትር ይይዛል፣ ለስንት ክፍል ነው የሚል ይሁን። ሙቅ ውሃው በየክፍሉ ቦይለር ነው ወይስ በሶላር? ሶላር ከሆነ በክረምት ጠዋት ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል። ጀነሬተሩ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል ወይስ 5 ሰዓት ላይ ይጠፋል? ሊፍቱንስ ያንቀሳቅሳል? አራተኛ ፎቅ ላይ አልጋ ለተሰጣቸው አዛውንት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ ክፍሉ ወደ መንገድ ነው ወይስ ወደ ጓሮ ብላችሁ ጠይቁ። አጠገቡ ሙዚቃ ቤት አለ ወይ? ቤተ ክርስቲያንስ? ሌሊት የሚሰማው ቅዳሴና ማኅሌት ለአንዱ እንግዳ የመጣበት ምክንያት ነው፣ ለሌላው እንቅልፍ ማጣት ነው። ሪሴፕሽኗ አንድ በአንድ ከመለሰችላችሁ፣ «ሶላር ነው፣ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይቀዘቅዛል» ካለቻችሁ፣ ያዙት። ጥሩ ቤት ነው። «ሁሉም አለ፣ ችግር የለም» ብቻ ካለች ሌላ ጋ ደውሉ። ይህን ጥያቄ የብራንዱ ማዕከላዊ ስልክ ላይ ያለ ሰው አይመልስላችሁም። ሮቶውን አያውቀውም።

«ፍላጎታችሁን መዝግበው ያውቋችኋል»። ትራሱ ለስላሳ ይሁን፣ ክፍሉ ከሊፍት ይራቅ፣ ይህን ይመዘግባሉ፤ ደስ የሚል አገልግሎት ነው፣ አልነቅፈውም። ግን የእኛ ሰው ሲጓዝ የሚያስፈልገው ብዙው ነገር በዚያ መዝገብ ላይ የለም።

ሁዳዴ ላይ አንዲት እናት ከልጆቻቸው ጋር ከውጭ መጥተው እዚሁ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ ሆቴል አሳረፍኳቸው። ማታ የወጥ ቤቷ ኃላፊ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወደ ጠረጴዛቸው መጣች።

«እማማ፣ ነገ ያስቀድሳሉ?»

«አዎ ልጄ፣ እግዜር ካለ።»

«እንግዲያው ቁርሱ ይቅርብዎት። ለ9 ሰዓት ሽሮና ጎመን እይዝልዎታለሁ። እንጀራውም ያን ጊዜ ትኩስ ይሆናል።»

ልጆቹ ክፍያው ውስጥ ያለው ቁርስ እንዳይባክን ሲጨነቁ ነበር። እሷ ቁርሱን ወደ 9 ሰዓት ምሳ ቀየረችው፣ ሒሳብ አልጨመረችም። እሷም ጿሚ ናት፣ ማን ምን እንደሚፈልግ ታውቃለች። ቡፌ 4 ሰዓት ላይ በሚነሳበት ትልቅ ሆቴል ይህን ለማስረዳት ስንት ሰው ማናገር እንደሚያስፈልግ በሌላ ከተማ አይቻለሁ። ለጥምቀትም እንዲሁ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወርድ እንግዳ የሚፈልገው የሚከፈት በርና ጥበቃው የሚጠራለት ባጃጅ ነው። የጎንደር ሆቴሎች ይህን ሳይጠየቁ ያዘጋጃሉ፤ በየዓመቱ የሚኖሩት ነውና።

«በረራ ቢሰረዝ አንድ ስልክ ሁሉንም ያስተካክላል» የሚለው ብዙም አያከራክረንም። በአንድ ብራንድ ሥር ያሉ ሆቴሎችም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የስረዛ ደንብ አላቸው። ስልኩን የሚያነሳው ሰው ደንቡን ያነብላችኋል። በቅናሽ ተከፍሎ ያለቀ አልጋ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ አይመለስም። በእኛ መስመር ደግሞ የጎንደሩ ሆቴል የላሊበላውን ሰውዬ በስሙ ያውቀዋል። «እንግዳህ ዛሬ አይገባም፣ በረራው ቀርቷል፣ ነገ ጠብቀው» ይለዋል፣ ያልቃል። ሁልጊዜ ይሆናል ብዬ ቃል አልገባም። ስለዚህ ቀብድ ስትከፍሉ በረራ ቢቀር ቀኑ ያለ ቅጣት ይዛወራል የሚለውን በጽሑፍ መልእክት አስልኩ።

ከጸሐፊው ጋር የምስማማበት ሰው አለ። አቅመ ደካማ ወላጅ ይዞ፣ ወይም ሐኪም በቅርብ የሚያስፈልገው ሰው ይዞ የሚጓዝ ቤተሰብ የለመደውን ቤት ቢመርጥ እረዳዋለሁ። ለእሱም ቢሆን አዲስ አበባ ላይ እንጂ እዚህ የሚያገኘው ያ ብራንድ የለም።

ሰሞኑን ለሚጠይቁኝ የምሰጠው አደራደር ይህን ይመስላል። አሜሪካ ያላችሁ በክሬዲት ካርድ ያገኛችሁት የሆቴል ደረጃ ካለ አዲስ አበባ ተጠቀሙበት። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ሌሊት እዚያ እደሩ፣ ከረጅም በረራ በኋላ የለመዱት አልጋ ይረዳል። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ሁለት ሌሊት። ጎንደር ቢያንስ ሁለት፣ ከተቻለ ጉብታው ላይ አንዱን፣ ፒያሳ አንዱን። ሰሜን ተራሮች የምትወጡ ከሆነ እዚያው አንድ ሌሊት ጨምሩ፤ ሊማሊሞ ሎጅ በተጠቀጠቀ አፈር የተሠራ፣ ጥቂት ክፍል ብቻ ያለው ገደል አፋፍ ላይ ያለ ቤት ነው፣ ቀድሞ ይሞላል። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ለእኛ ደውላችሁ ጠይቁ፣ ካልሆነ በአውሮፕላን ግቡ። አውሮፕላን ማረፊያው አዘዞ ነው፣ ሆቴላችሁ መኪና እንዲልክ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ለጥምቀት ከሆነ ጊዜው የተለየ ነው። ጥር 10 ከተራ፣ 11 ጥምቀት፣ 12 ሚካኤል እስኪገባ ድረስ ከተማው ይሞላል፣ የአልጋ ዋጋም ይወጣል። ጥቅምት ሳያልቅ ያዙ። ከጥር 9 እስከ 13 ያለውን አንድ ላይ ያዙ እንጂ በአንድ ሌሊት አትጀምሩ፤ መሀል ላይ ልቀቁ ከተባላችሁ ሌላ አልጋ አታገኙም። ዋጋውንም የበዓል ነው ወይስ የአዘቦት ብላችሁ ቀብድ ሳትልኩ በፊት አስረግጡ።